ሐር ነጋዴው የኔቡላን ምንነት ያወቁበት ሌሊት

በካምፓላ ካንሳንጋ ሰፈር፣ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበት አካባቢ፣ የነሐሴ መገባደጃ ሰማይ አይታመንም። አመሻሹ ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል በሚመጣ ደመና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጋረዳል። የሰፈሩ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ሰገነት ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ሰሜን አዞርኩ። የፈለግሁት የዘንዶ ቅርጽ አለው በሚባለው ድራኮ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለች አንዲት ኔቡላ ነበረች። ያለ ቴሌስኮፕ እንደማትታይ አውቃለሁ። ያለችበትን ቦታ ማየት ብቻ በቂዬ ነበር።

ይህችን ኔቡላ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 1864 ምሽት በለንደን ደቡባዊ ዳርቻ የነበሩ አንድ የቀድሞ ሐር ነጋዴ በቴሌስኮፓቸው ተመለከቷት። ወቅቱ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን በእግር ብረት ካሰሩ ስምንት ወር ገደማ የሆነበት ነው። ከካምፓላ ብዙም በማይርቀው ጂንጃ ናይል ከሐይቁ ሲወጣ ያዩት ጆን ስፒክም ስለ ወንዙ ምንጭ በአደባባይ ሊከራከሩ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቀርቷቸው ነበር። ስፒክ ከክርክሩ በዋዜማው በጥይት ሞቱ። የነጋዴውን ሌሊት ግን በዚያ ሰሞን ያወቀው ሰው እምብዛም አልነበረም። የእኚህ ሰው ስም ዊልያም ሃጊንስ ይባላል።

ከሱቅ ወደ ሰማይ

ሃጊንስ የካቲት 7 ቀን 1824 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በከተማዋ የንግድ ማዕከል ሐርና ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ልጁ ለአጭር ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር፤ ነገር ግን ፈንጣጣ ስለያዛቸው ከዚያ በኋላ የተማሩት በቤት ውስጥ በአስተማሪዎች ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ሐሳብም ነበራቸው። ሆኖም ገና በወጣትነታቸው የሱቁ ኃላፊነት በትከሻቸው ላይ ወደቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም ቀረ። ቀን ጨርቅ እየለኩ ማታ በማይክሮስኮፕና በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲመራመሩ ከአሥር ዓመት በላይ አሳለፉ።

ሠላሳ ዓመት በሞላቸው ሰሞን ንግዱን ሸጡና ከወላጆቻቸው ጋር ተልስ ሂል ወደተባለው፣ ያኔ ከከተማው ጭስ ራቅ ወዳለው መንደር ተዛወሩ። እዚያ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር የተያያዘ የሰማይ መመልከቻ ክፍል አሠሩ። በ1858 ዊልያም ዶውስ ከተባሉ የከዋክብት ተመልካች 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ በ200 ፓውንድ ገዙ። የሌንሱ ሠሪ አሜሪካዊው አልቫን ክላርክ ነው። ቴሌስኮፑ ከምድር መሽከርከር ጋር እየተጓዘ ኮከቡን እንዲከተልም የሰዓት ሞተር ተገጠመለት።

ሃጊንስ የተማረ ሀብታም ጡረተኛ የሚሠራውን ሁሉ መሥራት ይችሉ ነበር፤ ፕላኔቶችን መሣል፣ የከዋክብትን ቦታ መለካት። ለጥቂት ዓመታት ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ግን ሰለቻቸው።

ብርሃንን መበተን

በ1859 ጀርመን ውስጥ ኪርሆፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ ግኝት አወጡ። የፀሐይ ብርሃን በቀጭን ስንጥቅ አልፎ በፕሪዝም ሲበተን የሚፈጠረው የቀስተ ደመና ቀለም በጥቋቁር ቀጫጭን መስመሮች የተቆራረጠ መሆኑ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። መስመሮቹን ጆሴፍ ፍራውንሆፈር ከ40 ዓመታት በላይ ቀደም ብለው በዝርዝር መዝግበዋቸዋል። አዲሱ ነገር ትርጉማቸው ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ የመስመር ስብስብ አለው። ጨው እሳት ላይ ሲበተን ነበልባሉን ቢጫ የሚያደርገው ሶዲየም በፀሐይ ስፔክትረም ላይም በዚያው ቦታ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ1835 የሰው ልጅ ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ፈጽሞ ሊያውቅ እንደማይችል ጽፈው ነበር። 25 ዓመት እንኳ ሳይሞላ የማይቻለው ነገር በር ተከፈተ።

ሃጊንስ ይህን ዜና ሲሰሙ የተሰማቸውን በእርጅና ዘመናቸው በውሃ ጥም ከተያዘ ሰው ጋር አመሳስለው ተርከውታል። ጎረቤታቸው የኪንግስ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ዊልያም አለን ሚለር ነበሩ። ሃጊንስ አብረዋቸው እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ሚለር መጀመሪያ አመነቱ። ለማመንታት በቂ ምክንያትም ነበራቸው፤ እጅግ ብሩህ የሆነ ኮከብ እንኳ የሚሰጠው ብርሃን ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ያንን ትንሽ ብርሃን ደግሞ በፕሪዝም በትኖ ማሳነስ ሞኝነት ይመስል ነበር።

ሌሊቱን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ስለ ሃጊንስ የሚጻፉ አጫጭር ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግኝት ወደ ሌላው ይዘላሉ። ነገር ግን የሥራው ጠቅላላ ሸክም ከግኝቱ በፊት ባሉት ሰዓታት ላይ ነበር።

የኮከብን ስፔክትረም ማየት ኮከቡን እንደማየት አይደለም። በቅድሚያ ዒላማው በዚያ ወቅት በየትኛው ሰዓት ከአድማስ እጅግ ከፍ እንደሚል ማስላት ይገባል። ኮከብ ዝቅ ባለ ቁጥር ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ይበዛል፤ አየሩም ይውጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። የድራኮዋ ኔቡላ ከለንደን ስትታይ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ከአናት ላይ ነች ማለት ይቻላል። ምድር ወገብ ሥር ካለችው ካምፓላ ግን በዚያው ወቅት ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ከፍተኛው ቦታዋ ላይ ብትደርስም ከፍታዋ 24 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ብርሃኗ አናት ላይ ካለ ኮከብ ሁለት ተኩል እጥፍ የሚሆን አየር ያቋርጣል። (የሉጋንዳ ተናጋሪዎችም እንደኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲባል ያው የኛው 2 ሰዓት ነው።) ከአዲስ አበባ ሲታይ 32 ዲግሪ ይሆናል። በአንጻሩ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ለካምፓላ 73 ዲግሪ ከፍ ሲል ለሃጊንስ ግን ከ22 ዲግሪ አይበልጥም ነበር፤ ለዚያውም በክረምት ብርድ። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

ቀጥሎ ጨረቃ አለች። ደብዛዛ ነገር ለማየት ጨረቃ የሌለችበት ምሽት መምረጥ ግድ ነው። ነሐሴ 29 ቀን 1864 አዲስ ጨረቃ ልትወለድ ሦስት ቀን ያህል ስለቀራት ምሽቱ ጨለማ ነበር።

ከዚያ መሣሪያው ይመጣል። ሃጊንስና ሚለር ከቴሌስኮፑ ጫፍ ላይ የገጠሙት ስፔክትሮስኮፕ ከከባድ ብርጭቆ የተሠሩ ሁለት ፕሪዝሞች ነበሩት። የኮከብ ምስል ነጥብ ስለሆነ ስፔክትረሙም ስፋት የሌለው ክር ይሆናል፤ መስመሮቹ እንዲለዩ ክሩን በአንድ አቅጣጫ የሚያሰፋ ሲሊንደር መሰል ሌንስ ጨመሩበት። ዋናው ውሳኔ ስንጥቁ ላይ ነው። ስንጥቁ ሲጠብ መስመሮቹ ጥርት ይላሉ፤ ብርሃኑ ግን ይቀንሳል። ሲሰፋ ብርሃን ይበዛል፤ መስመሮቹ ግን ይደበዝዛሉ። ዛሬም በትልልቅ ቴሌስኮፖች ላይ ሌሊታቸውን የሚያቅዱ ሰዎች ከዚህ ምርጫ አላመለጡም።

የመጨረሻው ዝግጅት ማነጻጸሪያው ነው። የኮከቡ መስመር የየትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ለማወቅ በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው መሣሪያ የታወቀ ንጥረ ነገር ብርሃን ጎን ለጎን መታየት አለበት። ስለዚህ የምልከታ ክፍሉ ቀስ በቀስ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሆነ። በመስኮቱ በኩል መጥፎ ሽታ የሚያወጡ የአሲድ ባትሪዎች ተደረደሩ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ የብርጭቆ ማሰሮዎች መጡ፤ መደርደሪያዎቹ በኬሚካል ጠርሙሶች ተሞሉ። በብረት፣ በማግኒዚየም ወይም በሌላ ማዕድን ጫፎች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየተነሳ ብርሃኑ በትንሽ መስታወት ወደ ስንጥቁ ግማሽ ይላክ ነበር። ባትሪዎቹ ከመጨለሙ በፊት መሞላት፣ ዓይንም ጨለማውን እስኪለምድ መታገስ ነበረበት። ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ደመና ቢመጣ ሥራው በሙሉ ለሌላ ቀን ይቀራል።

ሁለቱ ጎረቤታሞች በዚህ መንገድ ሃምሳ ያህል ከዋክብትን መረመሩ። በ1864 ባወጡት ጽሑፍ አልደባራንና ቢትልጁስ በተባሉት ከዋክብት ውስጥ ሶዲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ብረት መኖራቸውን አሳዩ። ከዋክብት እኛ ከቆምንበት ምድር ባዕድ ከሆነ ነገር አልተሠሩም ማለት ነው።

አንዲት መስመር

በዚያ ዘመን ኔቡላዎች ከባድ ጥያቄ ነበሩ። በቴሌስኮፕ ሲታዩ የተበተነ ጭጋግ ይመስላሉ። ሎርድ ሮስ አየርላንድ ውስጥ ያሠሩት ግዙፍ ቴሌስኮፕ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የከዋክብት ክምችት መሆናቸውን ካሳየ በኋላ፣ ብዙዎች ሁሉም ኔቡላዎች ከርቀት የተነሳ የተድበሰበሱ ከዋክብት ናቸው ወደሚለው አዘንብለው ነበር። ሌሎች ደግሞ ከዋክብትና ፕላኔቶች የሚፈጠሩበት ጋዝ በሰማይ ላይ አለ ይሉ ነበር። የተሻለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ከመጠበቅ ሌላ ክርክሩን የሚፈታ ነገር አልታየም።

ሃጊንስ በዚያ የነሐሴ ምሽት ቴሌስኮፓቸውን ወደ ድራኮዋ ኔቡላ አዞሩ። የጠበቁት እንደ ኮከብ ያለ ባለብዙ ቀለም ክር ነበር። ያዩት ግን አንዲት ደማቅ መስመር ብቻ ነች። መጀመሪያ የጠረጠሩት መሣሪያቸውን ነው፤ ፕሪዝሙ ከቦታው ተነቃንቆ የስንጥቁን ምስል የሚያሳያቸው መሰላቸው። እንዳልሆነ አረጋገጡ። ስንጥቁን አጥብበው በጥንቃቄ ሲያዩ አጠገቧ ሌሎች ሁለት ደብዛዛ መስመሮች ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን ጨለማ። እንዲህ ያለ ስፔክትረም የሚሰጠው የጋለ ጋዝ ብቻ ነው። ለዓመታት የቆየው ጥያቄ በ20 ሴንቲ ሜትር ሌንስ፣ በአንድ ምሽት ተመለሰ። ከሎርድ ሮስ ቴሌስኮፕ ጋር ሲተያይ የሃጊንስ መሣሪያ አሻንጉሊት ነበር።

ሃጊንስ በቀጣዮቹ ዓመታት ከመረመሯቸው ኔቡላዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጋዝ ሆነው ተገኙ። አንድሮሜዳ የመሳሰሉት ግን የከዋክብት ዓይነት ተከታታይ ስፔክትረም ሰጡ። ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል ነበሩ።

ያቺ ደማቅ መስመር ግን ከማንኛውም የታወቀ ንጥረ ነገር ጋር አልገጠመችም። መጀመሪያ ናይትሮጅን ትመስል ነበር፤ ልኬቱ ሲጠራ አልሆነችም። በመጨረሻ በምድር ላይ የሌለ ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ኔቡሊየም የሚል ስም ወጣለት። እንቆቅልሹ የተፈታው ሃጊንስ ከሞቱ ከ17 ዓመታት በኋላ ነው። በ1927 አሜሪካዊው አይራ ቦወን መስመሯ የተራ ኦክስጅን እንደሆነች አሳዩ። ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ኦክስጅን፣ በምድር ቤተ ሙከራ ልንፈጥረው ከምንችለው ባዶ ቦታ እጅግ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ሲሆን ይህን ብርሃን ይሰጣል። አዲስ ንጥረ ነገር አልነበረም።

ያልታቀዱ ሌሊቶች

ግንቦት 12 ቀን 1866 አየርላንድ ውስጥ ጆን በርሚንግሃም የተባሉ ተመልካች ኮሮና ቦሪያሊስ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ደማቅ ኮከብ አዩ። ዜናው በደብዳቤ ሃጊንስ ዘንድ ሲደርስ ኮከቡ እየደበዘዘ ነበር። ሃጊንስና ሚለር በአራተኛው ቀን ደረሱበትና በስፔክትረሙ ላይ ደማቅ የሃይድሮጅን መስመሮች አገኙ። ጋዝ እየነደደ ያለ ኮከብ በዚህ ዓይነት መንገድ ሲመረመር ያ የመጀመሪያው ነው። ይኸው ኮከብ በ1946 እንደገና ፈንድቷል። በየ80 ዓመቱ ገደማ ስለሚፈነዳ የዓለም የከዋክብት ተመራማሪዎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

በ1868 ሃጊንስ ከዚያ ሁሉ የሚደፍር ነገር ሞከሩ። ኮከብ ከእኛ ሲርቅ የብርሃኑ መስመሮች ወደ ቀዩ፣ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊው በጥቂቱ ይሸሻሉ። ሃጊንስ የሲሪየስን የሃይድሮጅን መስመር ከቤተ ሙከራ ሃይድሮጅን ጋር አስተያዩና ኮከቡ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት እየራቀን ነው አሉ። ዛሬ እንደምናውቀው ሲሪየስ እየራቀ ሳይሆን በሰከንድ ከአምስት ኪሎ ሜትር በትንሹ በሚበልጥ ፍጥነት እየቀረበን ነው። ዓይን፣ ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ከአድማስ ብዙም ከፍ የማይል ኮከብ፤ ልኬቱ ከአቅማቸው በላይ ነበር። ዘዴው ግን ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ የጽንፈ ዓለሙን መስፋትም ሆነ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ፕላኔቶችን ለማወቅ የረዳው ይኸው ዘዴ ነው።

ወደ አፍሪካ የመጡት ለአንድ ምልከታ ሲሆን ሁሉም ነገር ታቅዶ ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን 1870 የሚሆነውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ከሌሎች የእንግሊዝ ሊቃውንት ጋር በመርከብ አልጄሪያ፣ ኦራን ደረሱ። ግርዶሹ ሲጀምር ሰማዩ በደመና ተሸፈነ። ምንም ሳያዩ ተመለሱ። ካምፓላ ውስጥ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሁሉ የዚህን ታሪክ ስሜት ይረዳዋል።

ማርጋሬት

ሚለር በ1870 ሞቱ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ሳይንስ አካዳሚ፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ለሃጊንስ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖችን በውሰት እንዲሰጣቸው ወሰነ። መሣሪያ ነበራቸው፤ የሥራ ባልደረባ ግን አልነበራቸውም።

መስከረም 8 ቀን 1875 የ51 ዓመቱ ሃጊንስ የ27 ዓመቷን ማርጋሬት ሊንዚ መሪን አገቡ። ማርጋሬት ደብሊን የተወለዱ፣ እናታቸውን በልጅነት ያጡ፣ ከዋክብትን ከአያታቸው የተማሩ ሴት ናቸው። ፎቶግራፍም ያውቁ ነበር። ለረጅም ጊዜ ታሪኩ የተነገረው አንድ ታላቅ ሰው ታማኝ ረዳት የምትሆን ሚስት አገኙ ተብሎ ነው። ማርጋሬት ራሳቸውም ባለቤታቸውን ከፍ፣ ራሳቸውን ዝቅ በማድረግ ይህን ሥዕል አጠናክረውታል።

የምልከታ ማስታወሻ ደብተሮቹ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ባርባራ ቤከር ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ሲመረምሩ፣ ከ1876 ጀምሮ የማርጋሬት የእጅ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ማርጋሬት መዝጋቢ ብቻ አልነበሩም፤ ምን መታየት እንዳለበት፣ በምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው የፎቶ ሰሌዳ ይወስኑ ነበር፤ መሣሪያም ያሻሽሉ ነበር። ሃጊንስ በ1863 በሚለር እገዛ የሲሪየስን ስፔክትረም ፎቶ ለማንሳት ሞክረው ሰሌዳው ላይ መስመር አልታየም ነበር። ወደ ፎቶግራፍ በቁም ነገር የተመለሱት ማርጋሬት ከመጡ በኋላ ነው። የፎቶ ሰሌዳው ደርቆ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የሚችልበት አዲስ ዘዴ መምጣቱም አግዟቸዋል።

ፎቶግራፍ የሌሊቱን እቅድ ሙሉ በሙሉ ለወጠው። ተራ ብርጭቆ ከሰማያዊው ወዲያ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ስለሚውጥ ፕሪዝሙንና ሌንሶቹን ከሌላ የድንጋይ ዓይነት አሠሩ። ለረጅም ጊዜ ሰሌዳው ብርሃን ሲጠጣ ኮከቡ ከፀጉር ከማይሰፋው ስንጥቅ እንዳይወጣ አንድ ሰው ሳያቋርጥ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ሲባል የስንጥቁን ከንፈሮች እንደ መስታወት አስወለወሏቸው፤ ኮከቡ ሲያፈነግጥ በሌላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይታያል፣ በእጅም ይመለሳል። በዚህ መንገድ ቬጋን በመሳሰሉ ነጫጭ ከዋክብት ስፔክትረም ላይ ያገኟቸው ተከታታይ የሃይድሮጅን መስመሮች፣ በ1885 ስዊዘርላንዳዊው መምህር ዮሐን ባልመር ቀመራቸውን ካረጋገጡባቸው ልኬቶች መካከል ነበሩ። ያ ቀመር ደግሞ ኋላ ኒልስ ቦር ስለ አቶም ላቀረቡት ሐሳብ መነሻ ሆኗል።

የማርጋሬት ስም በጋራ ጽሑፍ ላይ የወጣው ግን በ1889 ነው። እስከዚያ ድረስ ለ13 ዓመታት በየሌሊቱ አብረው የሠሩት ሥራ በአንድ ሰው ስም ይወጣ ነበር።

ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችና በኮምፒውተር የሚመራ የስፔክትረም መሣሪያ አለ። እዚያ ኮከቡን በስንጥቅ ላይ የሚያቆየው ማሽን ነው። ዒላማን መምረጥ፣ ከፍታውን ማስላት፣ ጨረቃን ማየት፣ ማነጻጸሪያ መብራት ማብራትና ደመናን መፍራት ግን እንዳለ ነው።

ክብርና ውርስ

ክብሩ ዘግይቶ በብዛት መጣ። በ1897 ሃጊንስ ሰር የሚል ማዕረግ ሲያገኙ፣ የማዕረጉ ምክንያት ላይ የባለቤታቸው ትብብርም ተጠቅሷል፤ ለዚያ ዘመን ያልተለመደ ነው። ከ1900 እስከ 1905 ሮያል ሶሳይቲን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ1899 ባልና ሚስቱ የከዋክብት ስፔክትረም አትላሳቸውን በጋራ ስማቸው አሳተሙ። በ1908፣ ሃጊንስ 84 ዓመት ሲሆናቸው፣ በውሰት የተሰጧቸው መሣሪያዎች ተነቅለው ወደ ካምብሪጅ ተወሰዱ። ለማርጋሬት እጅግ ከባድ ቀን ነበር።

ሃጊንስ ግንቦት 12 ቀን 1910 አረፉ። በርሚንግሃም ያንን አዲስ ኮከብ ካዩ ልክ 44 ዓመት ሆኖት ነበር። ማርጋሬት የባለቤታቸውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ አስበው ሳይፈጽሙት መጋቢት 24 ቀን 1915 ሞቱ። የማስታወሻ ደብተሮቹንና ብዙ ዕቃቸውን የተናዘዙት ለለንደን ተቋም አይደለም፤ አሜሪካ ለሚገኘው የሴቶች ኮሌጅ፣ ዌልስሊ ነው። የለንደኑ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1903 የክብር አባል አድርጓቸው ነበር፤ ሙሉ አባል ሊያደርጋቸው ግን ደንቡ አይፈቅድም ነበር። ማኅበሩ ሴቶችን በሙሉ አባልነት መቀበል የጀመረው በ1916፣ እርሳቸው ከሞቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።